ዶክተር መላኩ በያን፦ ሐኪምነትና ትዳር በአንድ ትከሻ

መግቢያ

እንደሚታወቀው የመጨረሻ ዓመት ላይ የደረሰ የጤና ተማሪን ሁለት ጥያቄ ያስጨንቀዋል። አንደኛው የት ነው የምመደበው የሚል ነው። ሁለተኛው ደሞ መቼ ነው የማገባው የሚል ነው። ሲቀላም ሆነ ሴቻ ሻይ ቤት ገብታችሁ ከዲዩቲ የወጡ ልጆች የሚያወሩትን ብትሰሙ ወሬው ከነዚህ ከሁለቱ አይርቅም። አንዱ ጨንቻ ከደረሰኝ ብርዱን እንዴት ልችለው ነው ይላል። ሌላዋ እጮኛዬ ሐዋሳ እየሠራ እኔ ገረሴ ብመደብስ ትላለች። ከዚያ ነገሩ ወደ ቤት ኪራይ፣ ወደ አልጋና ፍራሽ፣ ወደ ሽማግሌ፣ ወደ ቬሎና አዳራሽ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉን ግን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ዲግሪ፣ ቀጥሎ ሥራ፣ ከዚያ ቤት፣ በመጨረሻ ሠርግ።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ሰው ይህን ቅደም ተከተል የገለበጡ ናቸው። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አገቡ፣ ሳይመረቁ ወለዱ፣ ሥራ በያዙ በጥቂት ወር ውስጥ ደግሞ ጦርነት መጣ። ስማቸው ዶክተር መላኩ በያን ይባላል። በአሜሪካ አገር ሕክምና ተምረው በዶክተርነት ከተመረቁ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ስማቸውን የሰማ ብዙ ነው፤ ሆኖም የሚነሡት በፖለቲካ ሥራቸው እንጂ በሐኪምነታቸውና በትዳራቸው አይደለም። እኔ ግን ለእኛ ትምህርት ክፍል የሚጠቅመው ይኼኛው ጎን ነው ብዬ አስባለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው ያልተለዩት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ከወሎ እስከ ሐረር

መላኩ በያን በሚያዝያ ወር 1892 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1900፣ ወሎ ውስጥ ተወለዱ። ነገር ግን ያደጉት ሐረር ነው። ገና ሕፃን ሳሉ ወደዚያ ሄደው በራስ መኮንን ግቢ ውስጥ ኖሩ። ራስ መኮንን የአድዋ ጦር መሪ ከነበሩት መሳፍንት አንዱ ሲሆኑ፣ የተፈሪ መኮንን፣ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ አባት ናቸው። የመላኩ ቤተሰብ ከዚህ ቤት ጋር ዝምድና ስለነበረው ልጁ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ጋር አብሮ አደገ ማለት ይቻላል።

ተፈሪ በ1916 አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲሆኑ አገሪቱ የተማረ ሰው በጣም ይጎድላት ነበር። በተለይ ሐኪም የሚባል ነገር በጣት የሚቆጠር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ተከፍቷል፤ በውስጡ የሚሠሩት ሐኪሞች ግን በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሲባል ወዲያው የሚጠራው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዞች እጅ ሕንድ ገብተው እዚያ የተማሩ ናቸው። ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣማ ነገሩ ጭራሽ የባሰ ነበር። አርባ ምንጭ ገና አልተቆረቆረችም። ደጋው ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች፤ የአባያና የጫሞ ዳርቻ ቆላ ግን በወባው ይፈራ ነበር። እንግዲህ አንድ ወጣት ሐኪም ሆኖ ቢመለስ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው መገመት አያስቸግርም።

ሕንድና ኦሃዮ

ተፈሪ ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ውጭ መላክ ሲጀምሩ መላኩም ዕድሉ ደረሳቸው። በ1921 ወደ ሕንድ ተላኩ። እዚያ ግን ብዙ አልቆዩም። እንግሊዞች ሕንዶችን በገዛ አገራቸው እንዴት እንደሚገዙ በዓይናቸው ሲያዩ እዚያ መማሩ አልጣማቸውም። ነፃ አገር አለኝ ብሎ ለወጣ ልጅ ከባድ ትዕይንት ነበር። ስለዚህ ወደ አሜሪካ እንዲሄዱ አስፈቀዱ።

በ1922 አሜሪካ ሲገቡ አብረዋቸው ወርቁ ጎበናና በሻህውረድ ሀብተ ወልድ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ዋረን ሃርዲንግ ናቸው። ወጣቶቹ ከተፈሪ የተላከ መልእክት ይዘው ቀረቡላቸው። ሃርዲንግ የኦሃዮ ሰው ስለነበሩ ልጆቹም መጨረሻቸው ኦሃዮ ሆነ። ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ባለው በማስኪንገም ኮሌጅ ትምህርት ጀመሩ። መላኩ በኋላ ወደ ማሪየታ ኮሌጅ ተዛውረው በ1928 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በነዚህ ዓመታት አብረዋቸው የሚማሩትና የሚያስተምሯቸው በአብዛኛው ነጮች ናቸው። እንደ እንግዳ አገር መስፍን ይታዩ ነበር እንጂ እንደ ጥቁር አሜሪካዊ አይታዩም። ብዙ የውጭ ተማሪ በዚያው ይቀጥል ነበር። ዲግሪውን ይዞ፣ ማንንም ሳያስቀይም፣ ወደ አገሩ ይመለሳል። መላኩ ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ለሕክምና ትምህርታቸው ዋሺንግተን ወዳለው ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ።

ሃዋርድ

ሃዋርድ በ1867 የተቋቋመ፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ነው። የሕክምና ትምህርት ክፍሉ በዓመቱ በ1868 ተከፈተ። ተማሪዎቹ ተግባር የሚለማመዱት አጠገቡ ባለው ፍሪድመንስ ሆስፒታል ነበር። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሆኖ ሐኪም ለመሆን በሩ በጣም ጠባብ ነው። በ1910 በወጣ አንድ የግምገማ ሪፖርት ምክንያት ከጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ተዘግተው ሃዋርድና በናሽቪል ያለው መሐሪ ብቻ ቀርተዋል። ስለዚህ የጥቁር ሐኪም ትውልድ በሙሉ ማለት ይቻላል በነዚህ በሁለት በሮች ነው የወጣው።

መላኩ በገቡበት ዘመን አካባቢ፣ በ1929፣ ኒውማ አዳምስ የሕክምና ትምህርት ክፍሉ የመጀመሪያ ጥቁር ዲን ሆነው ተሾሙ። ዛሬ በደም ባንክ ሥራ የምናውቃቸው ቻርልስ ድሩም በ1935 እዚያው ማስተማር ጀምረዋል። እንግዲህ መላኩ የተማሩት ጥቁሮች የራሳቸውን መምህርና የራሳቸውን ሐኪም በራሳቸው እጅ በሚያፈሩበት ቦታ ነው። ይህ ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ከአናቶሚና ከፋርማኮሎጂ በላይ የሆነ ትምህርት ነበር። አገሩ ላይ የጎደለው ነገር እዚህ፣ ድኻና የተናቀ በሚባል ሕዝብ መካከል፣ ተሠርቶ አየው።

የፈረሰው እጮኝነት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። መላኩ ከአገር ቤት እጮኛ ነበረቻቸው። ልጅቷ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ናት። ኅሩይን የማያውቅ አንባቢ የለም። ታላቅ ደራሲ፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ለአንድ ወጣት ሐኪም ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? አማቹ ሚኒስትር፣ ዘመዱ ንጉሥ፣ ሙያው አገሪቱ የምትፈልገው ሙያ። ተመልሶ ሠርጉን ደግሶ፣ ጥሩ ቤት ተሰጥቶት፣ ሹመቱን ይዞ መቀመጥ ይችል ነበር።

መላኩ ይህን እጮኝነት አፈረሱ። በ1931፣ ገና ተማሪ ሳሉ፣ ዶሮቲ ሃድሊ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ።

ይህን ነገር እንደ ተራ የፍቅር ወሬ አይታችሁ እንዳታልፉት። በአገራችን እጮኝነት የሁለት ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ጋር ተነጋግሮ፣ ቃል ታስሮ ነው። እኛ ጋ ጋሞ ውስጥ እንኳ ብንወስድ ሰው ከገዛ ጎሳው አያገባም፤ ጋብቻ ማለት የኔን ጎሳ ከሌላው ጎሳ ጋር ማሰር ማለት ነው። በደጋው አገር አዲስ ሙሽራ በመስቀል ሰሞን አጊጣ ገበያ ወጥታ ለሕዝብ የምትታይበት ሶፌ የሚባል ሥርዓት አለ። የሥርዓቱ ትርጉም ግልጽ ነው። እቺ ሴት ከዛሬ ጀምሮ የኛ ሰው ናት፣ ሁላችሁም እወቁልን ማለት ነው። ጋብቻ የሰውን ቦታ ለሕዝብ ያሳያል።

የመላኩም ጋብቻ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ አንድ ክፉ ወሬ ይናፈስ ነበር። ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን እንደ ጥቁር አይቆጥሩም፣ የአሜሪካን ጥቁሮችም ይንቃሉ የሚል ወሬ ነው። ወሬው ባዶ ብቻ አልነበረም፤ ከኛም ወገን እንዲያ የሚያስብ አልጠፋም። መላኩ በዚህ ላይ ንግግር ማድረግ ብቻ አልበቃቸውም። የትኛው ወገን እንደሆኑ በትዳራቸው አሳዩ። የጥቁር አሜሪካውያንና የኢትዮጵያውያን ወንድማማችነት በቃል ሳይሆን በቤት ውስጥ ነው የሚጀምረው እንደማለት ነው። ውሳኔያቸውንም ከንጉሠ ነገሥቱ አልደበቁም፤ ምክንያታቸውን አስረዱ።

እዚህ ላይ ግን ሚዛኑን መጠበቅ ያስፈልጋል። ታሪኩ ሲነገር ሁሌ የሚነገረው በመላኩ በኩል ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብላ የጠበቀችው ልጅ ስሟም አይነሣ። የተገባ ቃል ሲፈርስ ደሞ የሚጎዳ ሰው አለ። ዓላማው ትልቅ ነው ተብሎ ይህን መሸፈን አይገባም። መላኩ ያደረጉት ነገር ትልቅ ነው ስንል ዋጋውን የከፈሉት እሳቸው ብቻ እንዳልሆኑ አብረን ማስታወስ አለብን። ዶሮቲን ማግባታቸው ትክክል ቢሆንም ለሌላዋ ቤት ኀዘን ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ባለትዳሩ ተማሪ

ከ1931 እስከ 1935 መላኩ ባለትዳር የሕክምና ተማሪ ነበሩ። ዘመኑ ደሞ የአሜሪካ ኢኮኖሚ የወደቀበት፣ ሥራ አጥነት የበዛበት ነው። በዚህ መካከል ወንድ ልጅ ወለዱ። እንደ አሜሪካኖቹ ልማድ ልጁ የአባቱን ስም ወርሶ እሱም መላኩ ተባለ። በኛ አገር የአባትየው ስም ለልጁ ቀጥታ አይወጣም፤ ስለዚህ ስሙ ራሱ የሁለት አገር ጋብቻ ማስታወሻ ነው ማለት ይቻላል።

ትምህርትና ትዳር ብቻም አልነበረም ሥራቸው። ከአገር ቤት የተሰጣቸው ሌላ ኃላፊነት ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ሄደው የሚሠሩ ባለሙያ ጥቁር አሜሪካውያንን እንዲመለምሉ ታዘው ነበር። ሐኪም፣ መምህር፣ መሐንዲስ፣ አብራሪ ይፈለጋል። በሃዋርድ የአፍሪካ ታሪክ ከሚያስተምሩት ከሊዮ ሃንስቤሪ ጋር ተባብረው በ1934 የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤት እንዲቋቋም ረድተዋል። በቺካጎ ጆን ሮቢንሰን ከተባሉ አብራሪ ጋር ተገናኝተው ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ አግባቧቸው። ሮቢንሰን በ1935 አዲስ አበባ ገብተው የኢትዮጵያን አየር ኃይል መሩ። ከድል በኋላም ተመልሰው አብራሪዎችን አሠልጥነዋል፤ በ1954 ሕይወታቸው ያለፈውም ለሕሙም ደም ለማድረስ በተደረገ በረራ በደረሰ አደጋ ነው። መላኩ የመለመሉት አንድ ሰው ብቻ ይህን ያህል ከሠራ ምርጫቸው መጥፎ አልነበረም።

አንድ ተማሪ በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ እንዴት ቻለው? መልሱ ግማሹ ዶሮቲ ናቸው። ወይዘሮ ዶሮቲ ቤት ጠባቂ ብቻ አልነበሩም። በኋላ እንደምናየው በባላቸው ሥራ ሁሉ ውስጥ እኩል የገቡ፣ የሚያደራጁና የሚጽፉ ሴት ናቸው። እንዲህ ዓይነት ትዳር ለሙያ ሸክም አይሆንም፤ ሌላ ትከሻ ነው የሚሆነው።

ጥቂት ወር ሐኪምነት

በ1935 መላኩ በሕክምና ዶክተርነት ተመርቀው ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር ወደ አገራቸው ገቡ። 13 ዓመት አሜሪካ ቆይተዋል። ሲሄዱ የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ሲመለሱ የ35 ዓመት ጎልማሳ፣ ባለሙያና አባወራ ናቸው። አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካኖች ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ለዶሮቲ አገሩ አዲስ፣ ቋንቋው አዲስ፣ ምግቡም አዲስ ነው። አንድ ቤተሰብ ገና ዕቃውን ሳይፈታ የሚባለው ዓይነት ጊዜ ነበር።

ያን ጊዜ ግን ጦርነቱ ደጅ ላይ ነው። የወልወል ግጭት በታኅሣሥ 1934 ደርሶ አልፏል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በሐምሌ 1935 ተቋቋመ። በጥቅምት 3 ቀን 1935 የኢጣልያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ። ዶክተር መላኩ ከሆስፒታሉ ወጥተው በቀይ መስቀል ሥር በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ ለማከም ተሰለፉ።

በዚያ ግንባር ሐኪም መሆን ምን ማለት እንደነበር ለማወቅ ጥቂት ነገር ማንሣት ይበቃል። አገሩ በረሃ ነው፤ ውኃ ሩቅ ነው፤ መኪናው ጥቂት ነው። የኢጣልያ አውሮፕላን ቀይ መስቀል ያለበትን ድንኳን እንኳ አይምርም። በታኅሣሥ 1935 ደሴ ላይ ሆስፒታል ተደበደበ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ዶሎ አጠገብ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖች በቦምብ ተመቱ። በኦጋዴን ግንባር ያገለግሉ የነበሩት አሜሪካዊው ዶክተር ሆክማን ደጋሃቡር ላይ ያልፈነዳ ቦምብ ሲያመክኑ ፈንድቶ ገደላቸው። የመርዝ ጋዙም በደቡብ ግንባር አልቀረም። በጋዝ የተቃጠለ ቆዳና የታወረ ዓይን እንዴት እንደሚታከም በሃዋርድ ክፍል ውስጥ የተማረ ሐኪም እንኳ፣ መድኃኒት በሌለበት በረሃ ምን ያህል ሊረዳ እንደሚችል እናንተው ፍረዱ።

በግንቦት 2 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ዶክተር መላኩም ከነቤተሰባቸው ተሰደው እንግሊዝ ገቡ። በዚህ ስደት ውስጥ ብላቴን ጌታ ኅሩይም ነበሩ። አማች ሊሆኑ የነበሩት አዛውንትና ቃላቸውን ያፈረሱት ወጣት ሐኪም ሁለቱም አገር አልባ ሆነው አንድ ንጉሥ ተከተሉ። ኅሩይ በ1938 በዚያው በእንግሊዝ አገር በስደት ላይ አረፉ።

ስቴቶስኮፑ ተሰቅሎ

የጥቁር አሜሪካውያን ድርጅቶች ለኢትዮጵያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ይፈልጉ ነበር፤ ሆኖም በየመንገዱ በኢትዮጵያ ስም ለምነው የሚጠፉ አጭበርባሪዎች ስለበዙ ሕዝቡ ማንን እንደሚያምን ግራ ገብቶታል። ስለዚህ ከኒው ዮርክ የተላኩ ሰዎች እንግሊዝ ድረስ መጥተው ንጉሠ ነገሥቱ ተወካይ እንዲልኩላቸው ጠየቁ። የተላኩት ዶክተር መላኩ ሆኑ። በመስከረም 1936 ከዶሮቲና ከልጃቸው ጋር ኒው ዮርክ ገቡ። እዚያ ሲደርሱ አንድ ሆቴል በቀለማቸው ምክንያት አላስገባም አላቸው። የንጉሠ ነገሥት መልእክተኛ፣ ሐኪም፣ የተማረ ሰው መሆናቸው ምንም አልፈየደም። ያረፉት ሃርለም፣ በጥቁሮች ሰፈር ነው። ሕዝቡም በሺህ ተሰብስቦ ተቀበላቸው።

ከዚህ በኋላ ሐኪምነቱ ቀረ ማለት ይቻላል። በ1937 የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለ ጋዜጣ ተጀመረ። በዚያው ዓመት በነሐሴ 25 ቀን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተመሠረተ። ድርጅቱ ለስደተኞች ገንዘብ ይሰበስባል፣ ስለ ኢትዮጵያ ያስተምራል፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ያቋቁማል። ቅርንጫፎቹ ከአሜሪካ አልፈው ጃማይካ ደረሱ። ወይዘሮ ዶሮቲ በድርጅቱም በጋዜጣውም ውስጥ ከባላቸው ጎን ሠሩ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጥያቄ አለ። አገሪቱ ስንት ሐኪም አላትና ነው አንዱ ጋዜጣ የሚሸጠው? እኔ በበኩሌ ጥያቄው ተገቢ ነው እላለሁ። 13 ዓመት የተለፋበት ሙያ በጥቂት ወር ተግባር ሲቆም ያሳዝናል። ግን ያኔ ተመልሶ የሚያክምበት አገር አልነበረም። ጠላት አዲስ አበባ ውስጥ ተቀምጧል፤ በየካቲት 1937 በተፈጸመው ጭፍጨፋ የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገድለዋል። ኒው ዮርክ ክሊኒክ ከፍተው ደህና ገቢ እያገኙ መኖር አያቅታቸውም ነበር። ሚስትም ልጅም ነበራቸው፤ ቤት ማሳደር ነበረባቸው። እሳቸው ግን ሕመምተኛው አገሬ ነው ብለው የወሰኑ ይመስላል።

መጨረሻውም እንደዚያው ሆነ። ለድርጅቱ አባል ለመመልመልና እርዳታ ለመለመን በብርድ ቤት ለቤት ሲዞሩ ታመሙ። በሽታው የሳንባ ምች ነበር። ፔኒሲሊን ገና ለሰው መታከሚያ አልዋለም፤ የመጀመሪያው ሙከራ ኦክስፎርድ ላይ የተደረገው ከ9 ወር በኋላ ነው። ዶክተር መላኩ በግንቦት 4 ቀን 1940፣ በኛ ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ በ40 ዓመታቸው አረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በድል አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ዓመት ከአንድ ቀን ብቻ ቢቆዩ ያዩት ነበር።

የሻሸመኔው ምልክት

ይህ ሰው ለእኛ አካባቢ ምን ትቶ አለፈ የሚል ካለ ከአርባ ምንጭ በሶዶ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ይሳፈር። ሻሸመኔ ሲደርስ ጃማይካ ሰፈር የሚባለውን ያያል። ብዙዎቻችን የዚያ ሰፈር ታሪክ በራስ ተፈሪያውያን ብቻ የተጀመረ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በ1948 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጦርነቱ ጊዜ ለረዱ ጥቁሮች 5 ጋሻ መሬት ሻሸመኔ ላይ ሲሰጡ፣ መሬቱ የተሰጠው በዶክተር መላኩ በተመሠረተው በኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ሰውየው ከሞቱ 8 ዓመት ሆኗቸዋል። በየበሩ የለመኑት ሕዝብ ግን መጥቶ ጎረቤታችን ሆነ። የጥቁር አሜሪካውያንና የኢትዮጵያ ጋብቻ በአንድ ቤት ጀምሮ አንድ ሰፈር ሆነ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለኛ ለጤና ተማሪዎች ሦስት ነገር እናገኛለን ብዬ አስባለሁ። አንደኛ፣ ሁሉ ነገር እስኪሟላ ትዳርን ማቆየት ግዴታ አይደለም። መላኩ ሲያገቡ የሕክምና ዲግሪያቸውን ገና አልያዙም ነበር። ይህን ስል ግን ሁላችሁም በመጨረሻ ዓመት አግቡ እያልኩ አይደለም። ከአንድ ሰው ሕይወት ሕግ አይወጣም።

ሁለተኛ፣ ቁም ነገሩ ሠርጉ ሳይሆን ከማን ጋር የሚለው ነው። ዛሬ ለአንድ ቀን አዳራሽና ቪዲዮ የሚወጣው ገንዘብ አንድ ጀማሪ ሐኪም ለብዙ ወር የሚከፈለው ነው። ዶሮቲ ሃድሊ ወደማታውቀው አገር፣ ከዚያ ወደ ጦርነት፣ ከዚያ ወደ ስደት የተከተሉ ሴት ናቸው። እንዲህ ዓይነት ሰው በዲኮር አይመረጥም። ምደባ ወጥቶ ባል ጨንቻ፣ ሚስት ጂንካ ሲደርሳቸው የሚፈተነው ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ሙያና ትዳር ሲመረጡ የሰው ወገን አብሮ ይመረጣል። መላኩ ሐኪምነትን ከሃዋርድ፣ ሚስትን ከጥቁር አሜሪካውያን ሲወስዱ ከነሱ ጋር እንደሚቆሙ ወሰኑ፤ በቆሙበትም ሞቱ። እኛም ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ስንመደብ ቶሎ የሚያልፍ እንግዳ እንሁን ወይስ የአገሬው ሰው ብለን መወሰን አለብን። የጋሞ አባቶች ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ ሰውን የሚመዝኑት በወረቀቱ አይደለም። ከመካከላቸው ሆኖ በመኖሩ ነው።

በመጨረሻም ዘንድሮ የምትመረቁትንም፣ ቀለበት የምታስሩትንም እንኳን ደስ አላችሁ እላለሁ። ሁለቱንም ባንድ ላይ ለምታደርጉ ደግሞ ከናንተ በፊት በዚህ መንገድ የሄደ ሰው እንዳለ አስታውሱ። ቸር ይግጠመን።